ሰባት ሚሊዮን የተባለው ቤት

ቤታቸውን ለሽያጭ አውጥተው መሸጥ የማይፈልጉ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ከባንክ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ያሉ አንድ ሴት አገኘሁ። ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ሦስት ጊዜ ደረጃቸውን ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ለቆየ ሰው ይህ የሚያስመካ አይደለም።

ሥራዬ ግምት ነበር። ሰው ለብድር መያዣ የሚያቀርበውን ቤት እያየሁ "ይህን ያህል ያወጣል" ብዬ ስፈርም ኖርኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ያልገባሁበት ግቢ ጥቂት ነው። ጡረታ ስወጣ እኔ ሥራውን ተውኩት፤ ሥራው ግን አልተወኝም። ቤት ሊገዛ ያሰበ ዘመድ፣ የዘመድ ጎረቤት፣ የጎረቤት አማት ሳይቀር "እስቲ ዋጋው እውነት መሆኑን አንድ ጊዜ እይልኝ" ይለኛል። እምቢ አልልም። ባለቤቱ ሲያጋንንና ደላላው ሲምል እኔ ዝም ብዬ ግድግዳ ማንኳኳት ደስ ይለኛል፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ብዙ ደስታ የለኝም።

በዚያን ጊዜ የላከችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ስትሆን፣ ሳቢያን ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይታ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። አከራይዋ ልጁን ሊድር ስለሆነ ክፍሎቹን እንድትለቅለት ነግሯታል። የአባታችንን ቤት ሸጠን ስንካፈል ድርሻዋን አልነካችውም፤ እሱንና ሊሰጧት የተስማሙትን ብድር ብትደምር አራት ሚሊዮን ተኩል ድረስ መሄድ ትችላለች። ከዚያ በላይ የላትም።

"ወንድም ጋሼ፣ ከዚራ ጫፍ አፓርታማ አለ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ። ሰባት ይላሉ" አለችኝ።

"አራት ተኩል ይዘሽ የሰባት ሚሊዮን ቤት ምን ያደርግልሻል?"

"አንተ አይደለህ እንዴ የተጠራ ሁሉ አይከፈልም ስትል የምትውለው? ሂድና ትክክለኛውን ዋጋ ንገረኝ።"

እውነቷን ነው፣ እላለሁ። እኛ ከተማ ዋጋ ሲነግሩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "በስንት ሰዓት ነው የተጠራው?" ብዬ ነው። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሙቀቱ ሰዉን ቤት ያስገባዋል፣ የጫቱ ወግ፣ በርጫው፣ ይጀመራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ የማይሸጥ ቤት፣ የማይገዛ መኪና፣ የማይከፈት ፋብሪካ የለም። ሻጩ ጠዋት አምስት ያለውን ስምንት ይላል፤ ገዢው "ስምንት ከሆነማ በነጻ ነው" ይላል፤ እጅ ለእጅ ይማታሉ። በማግስቱ ጠዋት መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ጤና ተጠያይቀው ይለያያሉ። ቃልህን በላህ ብሎ የሚወቅስ የለም፤ የከሰዓት ቃል መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። እኔ አልቅምም። በዚያ ሰዓት ሻይ ይዤ ጥግ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ በሥራ ዘመኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከተጠራ ዋጋ ላይ ሲሶውን ጥዬ ነበር ሒሳብ የምጀምረው፤ ብዙም አልተሳሳትኩም።

ይህንኑ ደላላውን ጠየቅሁት። ከዚራ ከጥላው ሥር ሽርጡን አገልድሞ የሚቀመጥ፣ ሦስት ስልክ ያለው፣ የአርባ ዓመት ሰው ነው።

"ጠዋት ነው የጠሩት ጋሼ፣ ወላሂ። ሴትዮዋ ምርቃና የሚባል አያውቁም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። አቦ እኔም ግራ ገብቶኛል። አንድ ብር አልቀንስም ነው የሚሉት።"

በጤናማ አእምሮ፣ ጠዋት፣ ሰባት ሚሊዮን። እኔም ግራ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሕንጻው አራት ፎቅ ነው፤ ቀለሙ ለቋል እንጂ አሠራሩ ጥሩ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ በድንጋይ ተደግፏል። ሰባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴት ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው የምድር ባቡር መካኒክ የነበሩ ሲሆን ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። እትዬ እያልኩ ጠራኋቸው፤ ቀዝቃዛ ውሃ በሎሚ ሰጡኝና ቤቱን ሊያሳዩኝ ተነሡ።

ሻጭ የቤቱን ጉድለት እንዴት እንደሚደብቅ አውቃለሁ። እርጥበት ያለበት ላይ ቁም ሳጥን ይገፋል፣ ስንጥቅ ላይ የቀን መቁጠሪያ ይሰቅላል፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ገዢ ይቀጥራል። እትዬ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አወረዱት።

"ይህንን ስንጥቅ አዩልኝ? በየዓመቱ ያድጋል" አሉኝ።

ቀጥለው ማንቆርቆሪያቸውን አምጥተው ክዳኑን ከፈቱ። ውስጡን ነጭ ቅርፊት ሸፍኖታል።

"የኛ ውሃ ይኸው ነው። ቧንቧውም ውስጡ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ይዘጋል። ውሃው ራሱ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እዚህ እስኪደርስ ደግሞ ጉልበት የለውም። በጀሪካን የምናወጣበት ጊዜ አለ። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ደግሞ ፀሐይ መጥለቂያውን ነው የሚያየው፤ ከሰዓት ላይ ቢመጡ እጅዎን አያስቀምጡበትም።"

ስንጥቁን በቁልፌ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አየሁት። ልስኑ ብቻ ነው የተሰነጠቀው፤ ብሎኬቱ ደህና ነው። ይህን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። ወይ በጣም የዋህ ናቸው ወይ በጣም ተንኮለኛ ናቸው አልኩ በልቤ። ምሳ ሳልበላ እንደማልወጣ ነገሩኝ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የምስር ወጥ በላሁ።

ስወርድ ጥበቃውንና ሁለት ጎረቤት አነጋገርኩ። ከላያቸው ያለው፣ በአሠራሩ ትክክል የእሳቸውን የሚመስለው ቤት፣ ከጥቂት ወራት በፊት በአራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ተሸጧል። የሳቸው ከዚያ አንድ ፎቅ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ይሻላል። ቤት ተመልሼ ደብተሬ ላይ "አራት ሚሊዮን ሦስት መቶ፤ ገዢው ከወደደው አራት ተኩል" ብዬ ጻፍኩ። እህቴ ስልኩ ላይ እልል ማለት ነው የቀራት።

"ቆይ" አልኳት። "ግድግዳውን በዘጠኝ ሰዓት መንካት አለብኝ።"

"አንተ ደግሞ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ" ብላ ዘጋችው።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት በዚያው ሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ ላይ ከአንድ ባጃጅ በስተቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ግድግዳው እንዳሉት ነው፤ እጄን ወዲያው አነሣሁ። ሳሎኑ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ይህን ደግሞ አልነገሩኝም። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት። የእሳቸው በርና ከፊት ለፊት ያለው የጎረቤታቸው በር ትይዩ ናቸው። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆነው ስለሚውሉ በአንዱ መስኮት የገባው ነፋስ በኮሪደሩ አልፎ በሌላው መስኮት ይወጣል። ጎረቤቲቱ የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ ቤቷ ሆና ቅመም ትደቁሳለች፣ እትዬ ቤታቸው ሆነው ሹራብ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ሳይነሡ ያወራሉ። ባለሱቅ ባሏ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ነው የሚውሉት።

"ይኼ ነፋስ የቤቱ ነው ወይስ የእናንተ?" ብዬ ቀለድኩ።

"የሁለታችንም ነው" አለች ጎረቤቲቱ። "ወላሂ አንዳችን በር ከዘጋን ሁለታችንም እንቀቀላለን። እማማ ልጆቻቸው ጋ ሄደው ሁለት ወር ሲቆዩ እኔ እዚህ በእሳት ነው የኖርኩት።"

እትዬ ቀና ብለው አዩዋትና ሹራባቸውን ቀጠሉ። ደብተሬ ላይ የምጽፈው ነገር አጣሁ። ነፋስ ካርታ ላይ አይሰፍርም።

በሦስተኛው ጉዞዬ ቁርጡን ልናገር ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ ጎረቤቲቱ ገበያ ወጥታለች።

"እትዬ፣ በእውነት ልንገርዎት። ይህ ቤት ሰባት አያወጣም። አራት ተኩል ያወጣል፤ እህቴ አራት ተኩሉን በአንድ ቀን ትከፍላለች። ከዚህ የተሻለ የሚከፍልዎት ቢመጣ እኔ ስሜን እቀይራለሁ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ሰባት እንደማያወጣ ነዋ። እኔ መቼ ዕብድ ሆንኩ?" ሹራቡን አስቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ይሉኝ የነበሩት ሴት ከዚያ በኋላ አንተ አሉኝ። "ስማ፣ ሥራህ ስለሆነ አንተን መዋሸት አልቻልኩም። አምና መታጠቢያ ቤት ወድቄ ይህ እጄ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ልጆቼ ቤቱን ሸጠሽ እኛ ጋ ነይ ይሉኛል። ክፉ ልጆች አይደሉም፣ ፈርተው ነው። ሄጄም አየሁት፤ ስድስተኛ ፎቅ ነው። ጠዋት ሁሉም ወጥቶ ይሄዳል። እኔ ብርድ ላይ ካልሲ ደርቤ የተዘጋ በር አያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከጎረቤት ማንም ደህና ዋልሽ ያለኝ የለም። ተመልሼ መጣሁና እሺ፣ እሸጣለሁ፣ ዋጋውን ግን የምጠራው እኔ ነኝ አልኳቸው። ተስማሙ። ሰባት አልኩ። ማንም ሰባት እስካልከፈለ ድረስ እዚህ ነኝ።"

"ስንት ሰው አይቶት ሄደ?"

"በስምንት ወር አሥራ አንድ ሰው። ከአንተ ጋር አሥራ ሁለት። ጉድለቱን ለሁሉም አሳይቻለሁ፤ ማንንም አላታለልኩም፣ እግዚአብሔር ያያል።"

"ሰባት የሚከፍል ቢመጣስ?"

"ከመጣማ ምን ይደረጋል፣ ቃሌ ነው፤ እሸጣለሁ። ግን ማን ሞኝ አለ?" ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች ቤት ለመሸጥ ወይም ለመግዛት ዋጋ ሲጠሩ አይቻለሁ፤ ለመቀመጥ ሲጠሩ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወደድኳቸው። ባልደረባ ያገኘሁ መሰለኝ። የተጋነነ ዋጋ ሁልጊዜ የሞኝ ወይም የስግብግብ ሥራ አድርጌ ነበር የማየው፤ የእሳቸው ግን በሩን ከውስጥ የሚይዝ መቀርቀሪያ ነው። እህቴን ሌላ ቦታ እንደምፈልግላት ነግሬያቸው ወጣሁ።

ለእህቴ ግን ሁሉንም አልነገርኳትም። ዋጋው የማይሆን ነው፣ አይቀንሱም፣ ተይው አልኳት።

"ምሳ አበሉህ አይደል?" አለችኝ።

"አብልተውኛል።"

"እሺ።" አለች። "እኔስ የት ልግባ?"

ለእሷም ለሴትዮዋም አዝኛለሁ፤ ለሁለቱ የነበረው ግን አንድ ቤት ብቻ ነው።

ሌላ ቤት ልጠይቅላት በማግስቱ ከሰዓት ወደ ደላላው ሄድኩ። ከሰዓት ከሰዓት የሚቅመው የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ምንጣፍ፣ ትራስ፣ የሚንጫጫ የጣሪያ ማራገቢያ፤ ስድስት ሰባት ሰው፣ ደላላና ነጋዴ ተቀላቅሎ። እኔ እንደ ልማዴ ሻይ ተሰጠኝና በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወሬው ደርቷል፤ አንዱ ሐርላ አካባቢ መሬት ወስዶ ሆቴል እየገነባ ነው፣ በአፉ። የደላላው ስልክ ጠራ። ትንሽ አወራና ድምፁን ከፍቶ ወደኔ ዘረጋው።

"ጋሼ፣ የሴትዮዋ ልጅ ነው፣ ከአዲስ አበባ። እኔ ነኝ አንተን ጠይቅ ያልኩት። በል እውነቱን ንገረው፣ ሰባት ያወጣል?" አለና ጠቀሰኝ። የሚፈልገው ገብቶኛል። ዋጋው ይውረድ፣ ቤቱ ይሸጥ፣ እሱም ኮሚሽኑን ያግኝ።

ልጁ ትሑት ነው። "ጋሼ፣ እርስዎ ባንክ ቤት ገማች እንደነበሩ ሰማሁ። እማዬ ሰባት ብላ ስምንት ወር ሆነ። ዋጋው ልክ ካልሆነ ይንገሩኝና እኔ አስቀንሳታለሁ፤ የባለሙያ ቃል ከሰማች እምቢ አትልም። እዚያ ብቻዋን ወድቃ እንዳትቀርብኝ ነው የምፈራው።"

አራት ተኩል ብል ኖሮ እህቴ በወሩ ትገባበት ነበር። እውነቱም አራት ተኩል ነው። ሠላሳ ዓመት አንድም ጊዜ የተሳሳተ ዋጋ አውቄ አልተናገርኩም፤ በዚህ እኮራ ነበር፣ ሚስቴን እስኪሰለቻት ድረስ እኮራ ነበር።

"ሰባት ትክክለኛ ዋጋ ነው" አልኩት። "አንድ ብር እንዳትቀንሱ። ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ታገሡ።"

ደላላው አፉን ከፍቶ አየኝ። ልጁ አመስግኖ ዘጋ። እኔም ሻዬን ጠጣሁ። አልፈራሁም። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል፤ በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተነገረ ነገር ጠዋት የለም። ለአንድ ልጅ ትዕግሥት የሚሆን ቃል ተናገርኩ፣ የቀረው ከሆቴሉ ጋር አብሮ ይረሳል ብዬ ነው። የዘነጋሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ሁሉ የማይቅመው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሱቁ ባለቤት ትራስ ተደግፎ ዝም ብሎ ሲሰማ ነበር። ለምትዳር ልጁ ቤት የሚፈልግ ሰው ነው፤ እኔ ይህን አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት፣ ምርቃናው ከለቀቀው በኋላ፣ ነገሩን በጥሞና አሰበበት። ደላላው ኋላ ላይ እንደነገረኝ አስተሳሰቡ እንዲህ ነበር፦ የባንክ ገማች ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገምተው፣ ባንኩ እንዳይከስር። ይህ ሰው ደግሞ አይቅምም፤ ከሰዓት የተናገረው ከጠዋት አይለይም። እሱ ሰባት ካለ ቤቱ ስምንት ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ላይ ደላላውን ይዞ ደረጃውን ወጣ።

እትዬ የቀን መቁጠሪያውን አወረዱለት። "ልስን ነው፣ ችግር የለውም" አለ። ማንቆርቆሪያውን አሳዩት። "የኛም ቤት እንዲሁ ነው እናቴ፣ የድሬ ውሃ አይደል" አለ። ስለ ግድግዳው ነገሩት። "ኤሲ እናስገባለን" አለ። ሙስሊም ስለሆነ ሥጋ የሌለበት ምሳ አቀረቡለት፣ በላ፣ አመሰገነ። ከዚያ ሰባት ሚሊዮኑን እስከ ሐሙስ በባንክ አስገባለሁ አለ። አልተከራከረም። ጨዋ ሰው ነው፤ ከመጡት ሁሉ ያልተከራከረው እሱ ብቻ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ወሬው እኔ ጋ ሲደርስ ሱቁ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ ጠዋት መሆኑን አረጋግጬ ነው የሄድኩት።

"ያ ቤት አራት ተኩል ነው የሚያወጣው" አልኩት ነጋዴውን። "ሰባት ያልኩት ውሸቴን ነው። ገንዘብህን አትጣል።"

ባንኮኒው ላይ ተደግፎ በሐዘኔታ አየኝ።

"ጋሼ፣ እህትህ በአራት ተኩል ልትገዛው እንደፈለገች ደላላው ነግሮኛል። አልቀየምህም፣ ለእህት ይደረጋል። እኔ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

"ስለ እህቴ አይደለም።"

"እሺ" አለ፤ ሻይ አዘዘልኝ። ያንን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ውሸቴን በአንድ ጊዜ ያመኑኝ ሰዎች እውነቴን ሊሰሙኝ አልቻሉም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር።

ለእትዬ ልጅ ልደውል አስቤ ነበር። ምን ብዬ? እናትህ መሸጥ አይፈልጉም ብል የሳቸውን ምስጢር ማውጣት ነው። ዋጋው ውሸት ነው ብል ደግሞ፣ ሰባት በእጁ ይዞ የቆመ ሰው አለ፤ ማን ይሰማኛል? አልደወልኩም። ደላላው በበኩሉ ቤቴ ድረስ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ይዞ መጣ። "የሸጠው ያንተ ቃል ነው ጋሼ" አለኝ። ሐብሐቡን ለጎረቤት ሰጠሁት።

የእህቴ ነገር ደግሞ ባሰ። በዚያው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ቤት ሊሸጥ ነበር፤ ባለቤቱ አራት ሚሊዮን ሦስት መቶ ብሎ ከእህቴ ጋር ተስማምተው ሊፈራረሙ ቀን ቆርጠዋል። የእትዬን ሽያጭ ሲሰማ ሰባት አለ። ጠዋት ነው ያለው። አሁን ሰባት ማለት ማጋነን አይደለም፤ በሥራ ዘመኔ ብሆንና ብጠየቅ እኔም የመጨረሻውን ሽያጭ ዓይቼ ሰባት ብዬ ነበር የምፈርመው። እህቴ ይህን ሁሉ ካወቀች በኋላ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ከዚያ ሳቢያን ውስጥ ሌላ ሁለት ክፍል ተከራየችና ዕቃዋን እንድጭንላት ጠራችኝ። ጫንኩላት፤ ስለ ቤቱ አላነሳንም።

እትዬ የደወሉልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ድምፃቸው እንደወትሮው ነው።

"ወረቀቱ አለቀና ውሉን ማክሰኞ ልንፈርም ነው። ምስክር ያስፈልጋል አሉ። ልጄ ከሥራ ፈቃድ አላገኘም፤ የጎረቤቴ ባል አንዱ ይሆናል፣ ሁለተኛው አንተ ሁንልኝ። እዚህ ሌላ የማውቀው ወንድ የለኝም።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

ውል የሚጸድቅበት ቢሮ ደጃፍ ላይ፣ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነጋዴው በዚያ በኩል ከደላላው ጋር ቆሟል፤ ሰላም ብሎኛል። እትዬ አዲስ ጫማ አድርገዋል። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

"እትዬ፣ ለልጅዎ ሰባት ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እንዲቆዩ ብዬ ነው። እሱ ሰውዬ እዚያ መቀመጡን አላወቅሁም።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ያን ቀን ማታውኑ ልጄ ደውሎ ደስ ብሎት ነግሮኛል፤ የባንኩ ሰው ዋጋሽ ልክ ነው አለ ብሎ። እኔም ደስ አለኝ። ሌላ ስምንት ወር አገኘሁ ብዬ።"

"ለምን አይቆጡኝም?"

"ምን ብዬ ልቆጣህ? እኔ የጀመርኩትን ነው የጨረስክልኝ።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሰባት ብዬ ስምንት ወር ሰው ሳመላልስ ከርሜ፣ ሰባት ሲመጣ እምቢ ብል ምን እባላለሁ? ለልጆቼስ ምን እላቸዋለሁ?"

ስማችን ተጠራና ገባን። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ወጣት ሴት ወረቀቱን አንብባ ስታበቃ ለሁሉም እንደምታደርገው ወደ ሻጯ ዞረች።

"እናቴ፣ ይህን ቤት የሚሸጡት ወደውና ፈቅደው ነው? ያስገደድዎት ሰው የለም?"

እትዬ ሴቲቱን አላዩዋትም። እኔን ነው ያዩኝ።

"ዋጋውን ራሴ ነኝ የጠራሁት" አሉ።

"እሱን አይደለም እናቴ። ፈቅደው ነው ወይ ነው የምልዎት። አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።"

ወደ ሴቲቱ ዞሩ።

"አዎ በዪው" አሉ።

ሴቲቱ ወረቀቱን ወደኔ ገፋችልኝ። ሻጯ በፈቃዳቸው መሸጣቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ የሚለው መስመር ሥር ፈረምኩ።